ቀስ ብሎ መሮጥን መማር፦ በቴክሳስ ሙቀት ሩጫ ለሚጀምሩ ወገኖቻችን

የዛሬው ትምህርታችን የረጅም ርቀት ሩጫን ለመጀመር ስላሰበ ሰው ነው። መነሻችን በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል፣ ከታላቁ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የምትገኘው የዩለስ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን ቀኑን በመኪና መሪ ላይ ወይም በወንበር ላይ እናሳልፋለን። አንድ ቀን ሐኪም «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል» ወይም «ስኳርሽ ድንበሩን ሊያልፍ ነው» ሲለን ደንግጠን የሩጫ ጫማ እንገዛለን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉልበታችንን ወይም ቅልጥማችንን ይዘን ወደ ቤት እንመለሳለን፤ ጫማውም ከበር ኋላ አቧራ ይጠጣል። ሰዎች ይህን ስንፍና ይሉታል። ስንፍና ግን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ መፍጠን ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። የመጀመሪያ ውድድሬ በምስጋና ቀን ማለዳ የተካሄደ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። የመወዳደሪያ ቁጥሬን ደረቴ ላይ ስሰካ አጠገቤ የቆመ አሜሪካዊ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» ብዬ ስመልስለት ፊቱ በራ፤ «እንግዲያውስ ከፊት ቁም!» አለኝ። እኔም ቆምሁ። የመጀመሪያውን ማይል ሕይወቴን ለማትረፍ እንደሚሸሽ ሰው ሮጥሁት። በሁለተኛው ማይል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በሦስተኛው ማይል ላይ ሕፃኗን በጋሪ የምትገፋ እናት ፈገግታ ሰጥታኝ አልፋኝ ሄደች። ያን ዕለት የኢትዮጵያን ስም ያሳደግሁት በቁም ነገር ሳይሆን በጨዋታ ብቻ ነው።

ከፍታው የሰጠንና የማይሰጠን

«ሩጫ እኮ በደማችን ነው» የሚለው አባባል ጀማሪውን ይጎዳዋልና በቅድሚያ እንመርምረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዩለስ ግን 200 ሜትር እንኳ አትሞላም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሰውነት ጉድለቱን ሲረዳ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ሆርሞኑም የአጥንት መቅኔ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ ያደርጋል። ነገሩ ግን እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የተደረገ ጥናት የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠን በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ መሆኑን በማሳየቱ ሳይንቲስቶችን አስገርሟል።

ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው ወደ 120 ቀናት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትናንት ከቦሌ ተነሥቶ ዛሬ እዚህ የደረሰ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ትንፋሹ ቀለል ሊለው ይችላል፤ ዐሥር ዓመት በቴክሳስ የኖረ ግን ከፍታው ያቆየለት ስንቅ የለውም። የኢትዮጵያውያንን ድል የሚያስረዳ አንድ «የሩጫ ዘረ መል»ም እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደ ነበር ደጋግሞ ተናግሯል፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ለየት አድርጎ የሚያጥፈውም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረበት ልማድ ነው ይባላል። ያ ልጅ አሰልጣኝ ፊት ሲቀርብ አጥንቱና ጅማቱ የብዙ ዓመታት ሥራ ሠርተው ነበር። በአርባ ዓመቱ ከቢሮ ወንበር የተነሣ ሰው ይህ የለውም፤ ኃይሌን ልምሰል ብሎ የሚነሣም ከልጅነቱ መጀመር ይኖርበታል።

ከታላላቆቹ አትሌቶች ልንወርሰው የምንችለው ነገር ግን አለ። በእንጦጦ ጫካ ወይም በሱሉልታ በማለዳ የተገኘ ሰው አትሌቶቹ በሰልፍ ተከታትለው፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዳንዴም የዓለም ሻምፒዮን ነው ብሎ ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ በዝግታ ሲሮጡ ያያል። በዓለም ዙሪያ የታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ልምምድ ሲመዘገብ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል በቀላል ጥረት የሚከናወን ሆኖ ተገኝቷል። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው አምስተኛውን እጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

ቀስ ብሎ መሮጥ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? የልብ ምት ሳይጣደፍ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበራከታሉ፤ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የሕዋስ ኃይል ማመንጫዎችም በቁጥርና በአቅም ያድጋሉ። ጡንቻውም ስብን ማቃጠል ይለማመዳል። ችግሩ የሰውነት ክፍሎች እኩል አለመፍጠናቸው ነው። ልብና ደም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራትን ይጠይቃሉ። ጀማሪው በአምስተኛው ሳምንት ትንፋሹ ተከፍቶለት «አሁንስ ቻልሁ» ብሎ ሲያፈጥን የሚጎዳው ስለዚህ ነው። ሳንባው የፈቀደለትን ቅልጥሙ ገና አልፈቀደለትም።

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ውድ ሰዓት አያስፈልግም። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ወደ አገር ቤት ስልክ ይደውሉ፤ እናትዎ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ታለከልካለህ?» ካሉ ፈጥነዋልና ወደ እርምጃ ይመለሱ።

ምንም ሮጦ ለማያውቅ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከላቸው የዕረፍት ቀን እያለ፣ ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ተራምደው ይሟሟቁ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሮጠው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ፤ ይህን ስምንት ጊዜ ይድገሙት። በየሳምንቱ ሩጫውን ጥቂት እያረዘሙ እርምጃውን ያሳጥሩ። በአራተኛው ሳምንት ሦስት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ፣ በስድስተኛው ስምንት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ፣ በስምንተኛው ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጡ መሮጥ ይቻላል። አንዱ ሳምንት ከከበደዎት ይድገሙት፤ የሚቆጣዎት የለም። በእርምጃና በሩጫ ማፈራረቅ የሚያሳፍራቸው ወገኖች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ይህ ግን የደካማ ሰው ዘዴ አይደለም፤ ጅማት እየተጫነና እያረፈ የሚጠነክርበት መንገድ ነው።

ሠላሳ ደቂቃ መሮጥ ከቻሉ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ ሩጫ ይጨምሩ። «በየሳምንቱ ከዐሥር በመቶ በላይ አትጨምር» የሚለው የታወቀ ደንብ ከቤተ ሙከራ የወጣ ሕግ አይደለም፤ ጥናቶችም ያን ያህል አልደገፉትም። ሆኖም መንፈሱ ደግ ነው። እኔ የምመርጠው ሦስት ሳምንት ጥቂት በጥቂት ጨምሮ በአራተኛው መቀነስን ነው።

ዩለስ ለዚህ የተመቸች ናት፤ መሬቷ ብዙም አቀበት የለውም፤ በቤር ክሪክ ወንዝ ዳር ዛፍ የሚያጠላበት መንገድ አላት። ረዘም ያለ ርቀት የፈለገ ወደ ዳላስ ተሻግሮ የዋይት ሮክ ሐይቅን ይዞራል፤ አንድ ዙር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኮንክሪት ይልቅ ሣርና አፈር ባለበት ቢሮጡ እግርዎ ያመሰግንዎታል። ጫማን በተመለከተ የተጻፈውና የተሸጠው ብዙ ነው፤ እግርዎ የተመቸው ልክ ነው ከማለት የተሻለ ምክር የለኝም።

ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በመጋዘን፣ በሾፌርነት። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኙ መሮጥ ልምምድ አይደለም። ሰውነት የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው፤ ምርጫው በእንቅልፍና በሩጫ መካከል ከሆነ እንቅልፉን ይምረጡ፤ ነገ ይሮጣሉ።

ስለ ሕመምም ጥቂት እንበል። ማግስቱን የሚመጣ የጡንቻ መተሳሰር የተለመደ ነው። በአጥንት ላይ በአንድ ጣት ሊያሳዩት የሚችሉት፣ ሲሮጡ የሚብስ፣ ሲያርፉም የማይለቅ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሩጫውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ገና ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል።

ሙቀቱ

በአገራችን ሯጮች ታሪክ ውስጥ ከሙቀት የተነሣ የሰዓት ለውጥ የተደረገበት ታላቅ ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ከበጋው ሙቀት ለመሸሽ የተጀመረው ወደ ማታ ነበር፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የፍጻሜውን መስመር ያለፈው በጨለማ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ነው። የሮም ሰዎች ለዓለም ምርጥ ሯጮች ያደረጉትን ጥንቃቄ የዩለስ ጀማሪ ለራሱ ሊነፍግ አይገባም።

የሰሜን ቴክሳስ በጋ ቀልድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ሙቀቱ 100 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ወይም ከዚያ በላይ የሆነባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በአዲስ አበባ ደጋ ያደገ ሰው ይህን ሙቀት በሰውነቱ አያውቀውም። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሰውነት ይህን ሙቀት ለማስወጣት ደምን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ላብም ያመነጫል። እንግዲህ በሙቀት ቀን አንዱ ልብ ሁለት ጌታ ያገለግላል፦ ጡንቻውም ደም ይጠይቃል፣ ቆዳውም ይጠይቃል። ላቡ እየፈሰሰ የደሙ ፈሳሽ ሲቀንስ ደግሞ ልብ ለዚያው ፍጥነት ይበልጥ መምታት ግድ ይሆንበታል። በጥቅምት ቀላል የነበረ ፍጥነት በሐምሌ ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው እንጂ እርስዎ ስለ ሰነፉ አይደለም። ሰዓትዎን ትተው ትንፋሽዎን ያዳምጡ።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነፍሰው አየር እርጥበት ሲያመጣ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ያ ላብ ውኃ ያባክናል እንጂ አያቀዘቅዝም። የአየር ትንበያ ሲመለከቱ ከሙቀቱ ጎን የጤዛ ነጥብ የሚባለውንም ይዩ፤ ከ70 ፋራናይት በላይ ከሆነ ርቀቱን ይቀንሱ ወይም ትሬድሚል ላይ ይውጡ። የሚሻለው ሰዓት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ያለው ነው። ብዙዎች ከሥራ በኋላ ማምሻውን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት የሚመልሱት ያን ጊዜ ነው።

ደግነቱ ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለአጭር ጊዜ በዝግታ የሮጠ ሰው በዐሥርና በዐሥራ አራት ቀናት ውስጥ ላቡ ቀድሞ መምጣት ይጀምራል፤ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ የደሙም ፈሳሽ ይጨምራል። ውኃን በተመለከተ ጥማትዎ ይምራዎ። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ሩጫ ውኃ ይበቃል። ከመጠን በላይ ውኃ መጠጣትም አደጋ አለው፤ የደምን የሶዲየም መጠን አቅጥኖ ሰውን እስከ መግደል ሊያደርስ ይችላል።

ይህን ደግሞ በቃልዎ ይያዙት። አብሮዎት የሚሮጥ ሰው በሙቀት ውስጥ ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ያለበትን ካላወቀ «ትንሽ ይረፍ» ብለው አይጠብቁ። ወደ 911 ይደውሉ፤ እርዳታው እስኪደርስም ወደ ጥላ ወስደው ባገኙት ቀዝቃዛ ውኃና በረዶ መላ ሰውነቱን ያቀዝቅዙ። በዚህ ጊዜ ደቂቃዎች ነፍስ ያድናሉ።

ማዕዱና ቡናው

በምግብ ረገድ ለጀማሪ የሚያስፈልገው ልዩ ነገር ጥቂት ነው፤ እንጀራ ከበቂ በላይ ኃይል ሰጪ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። በጾም ወራት ሥጋ ስለማይበላ ይህ ይብሳል፤ ወርኃዊ ደም የሚፈሳቸው ሴት ሯጮች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። ቡናውን ተዉ ማለት አልደፍርም፤ ከምሥር ወጡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ግን ይቻላል። ሎሚ ወይም ቲማቲም ከምሥሩ ጋር መብላትም ብረቱን ያግዘዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከመፍቻው በኋላ ያድርጉት፤ ማለዳ ላይ መራመድ ይበቃል።

የውድድር ቀን

የአካባቢያችን የውድድር ወቅት ከመጸው እስከ ክረምቱ ማብቂያ ነው። የምስጋና ቀን ሩጫዎች በኖቬምበር፣ የዳላስ ማራቶን በዲሴምበር፣ የፎርት ወርዙ ካውታውን ደግሞ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይካሄዳሉ። በነሐሴ ሙቀት በትዕግሥት የተለማመደ ሰው ብርዱ ሲመጣ እግሩ ክንፍ ያወጣ ይመስለዋል። አየሩ ግን አይታመንም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የዳላስ ማራቶን በበረዶ ምክንያት ተሰርዟል።

የጀማሪ ስልት አንድ ነው፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ከመጀመሪያው ባላነሰ ፍጥነት መሮጥ። ይህ የፈሪ ስልት የሚመስለው ካለ ሁለት የበርሊን ውድድሮችን ይመልከት። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው በጥቂት ሰከንዶች የፈጠነ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን አጋማሽ በ66 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ65 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው የጨረሰችው። ስሟ ተግባሯን መሰለ። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩጽ ይፍጠርም እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ማርሹን የቀየረው 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጠብቋል።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለው ስኳር ውስን ነው፤ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ከስብ ይልቅ ይህን ያቃጥላል። በማራቶን ብዙዎች 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚቆሙት ማከማቻው ሲራቆት ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ግላይኮጅን አያልቅም፤ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ማይል ከአቅም በላይ የፈጠነ ሰው ጡንቻው በአሲድ ተጨንቆ ቀሪውን ሁለት ማይል ዕዳ ሲከፍል ይጨርሳል። እኔ የከፈልሁት ይህን ነው።

ሰውነት ሒሳቡን ሲዘጋ ቀጠሮ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በዳላስ ማራቶን ሴቶችን ስትመራ የነበረች ከኒውዮርክ የመጣች ሐኪም፣ የፍጻሜው መስመር እየታያት፣ 200 ሜትር ያህል ሲቀር እግሯ ከዳት። ደጋግማ ወደቀች። በቡድን ቅብብል ትሮጥ የነበረች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የራሷን ሰዓት ትታ እየደገፈች አነሣቻት፤ ሐኪሟም ከመስመሩ አልፋ አንደኛ ሆነች። ይህች ሴት ጀማሪ አልነበረችም፤ ከ3 ሰዓት በታች የምትሮጥ ብርቱ ሯጭ ናት።

እንግዲህ በ5 ኪሎ ሜትር ውድድር እንዲህ ያድርጉ። ሲሰለፉ ከመካከል ወደ ኋላ ይቁሙ፤ ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅዎ ቢኖርም እንኳ። ተኩሱ ሲሰማ ሁሉም ይፈተለካል፤ ይለፉዎት። የመጀመሪያውን ማይል «በጣም ቀሰስሁ እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ይሩጡ፤ ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ልክ ነዎት ማለት ነው። በሁለተኛው ማይል ከፊትዎ ያለውን ሰው ጀርባ እየተመለከቱ ትንፋሽዎን አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ አቀበት ካለ እርምጃዎን ያሳጥሩ እንጂ አይታገሉት። በሦስተኛው ማይል የቀረዎትን ያውጡ። ያን ጊዜ ቀድመውዎት የነበሩትን አንድ በአንድ ያልፏቸዋል። ከመስመሩ ካለፉ በኋላ ወዲያው አይቁሙ፤ ጥቂት ይራመዱ፤ ደም ወደ እግር ወርዶ ራስዎን እንዳያዞርዎ።

እኔ በማግሥቱ ዓመት በዚያው ውድድር ከኋላ ቆሜ ጀመርሁ፤ ከቀድሞው በአራት ደቂቃ ፈጥኜም ጨረስሁ። ባለ ጋሪዋ እናት ግን ዘንድሮም ቀድማኛለች፤ ልጁ አድጎ ጋሪውን ሞልቶታል።